አያቴ ይዘውት የተመለሱት 40 ብር፦ የኢዮቤልዩ ሕግ ፍትሕ ነው ወይስ ምሕረት?

ይህ የውይይት ክር 31 መልስ ደርሷል። አሁን የሚገቡ ሰዎች ከየት ጀምረው እንደሚያነቡ ግራ ገብቷቸዋል። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ ሐሳቡን ብቻ ነው የማመጣው። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

የመነሻው ጽሑፍ

የጀመርኩት በአያቴ ታሪክ ነው። በ1953 ዓ.ም. የአባታቸውን ተዝካር ለማውጣት ከጎረቤት 60 ብር ተበደሩ። ለብሩ ሁለት ጥማድ መሬት ወለድ አገድ ሰጡ። ወለድ አገድን ለማያውቅ ሰው፦ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ተበዳሪው መሬቱን የሚያገኘው የተበደረውን ብር ሙሉውን ሲመልስ ነው። አበዳሪው አምስት ዓመት በላ ሃያ ዓመት በላ፣ ዕዳው ያው ነው። ሳንቲም አይቀንስም።

በ10ኛው ዓመት አያቴ 40 ብር በመሐረብ ቋጥረው ሄዱ። አበዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጭ በሉ ብሎ ቡና አስፈላላቸው፣ ከዚያ ስድሳው ሲሞላ እንዲመጡ ነግሮ ሸኛቸው። አያቴ ብሩን እንደተቋጠረ ይዘው ተመለሱ። እናቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ቋጠሮው ሳይፈታ ሲመለስ አይታለች። ሃያው ብር ሳይሞላ 1967 ዓ.ም. መጣ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ያንን መሬት ሲያርስ የነበረው አበዳሪው ነበር። በዚያው ቀረ።

ዘሌዋውያን 25ን ያነበብኩት ይህንን ታሪክ በሆዴ ይዤ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል። ኢዮቤልዩ በሚባለው በ50ኛው ዓመት፣ በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን፣ በማስተስረያው ቀን፣ ቀንደ መለከት ይነፋል። ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለሳል። መሬቱ የእግዚአብሔር ነው፤ እስራኤል እዚያ ላይ እንግዳና መጻተኛ ነው። ስለዚህ መሬት ለዘለዓለም አይሸጥም። የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ የቀረው የምርት ቁጥር ነው። ብዙ ዓመት ከቀረ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጥቂት ከቀረ ዝቅ ይላል። ባለርስቱ መሃል ላይ እጁ ገንዘብ ቢገባ፣ ገዢው የበላባቸው ዓመታት ተቀንሰው የቀረውን ብቻ ይመልሳል። እዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ያ መሐረብ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ጥያቄዬ፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ምሕረት የሚል ነበር። እኔ ሁለቱም ነው ብዬ አምናለሁ። ገዢው አልተበደለም፤ የከፈለው ለበላው ምርት ነው። ሻጩም ለልመና አልወጣም፤ የሚመለስለት መብቱ ነው። ምሕረቱ በአበዳሪው ደግነት ላይ አልተንጠለጠለም፣ ሂሳቡ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በስሜት ተነድቼ፣ በዚያ ዓመት ዕዳ ሁሉ ይሰረዛል፣ ባሪያም ሁሉ ነፃ ይወጣል ብዬ ጨመርኩ። በሁለቱም ታርሜያለሁ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ በአክብሮት ነው ያረመኝ። የዕዳ ምሕረት የኢዮቤልዩ ሕግ አይደለም። እሱ ዘዳግም 15 ላይ ነው ያለው፤ በየሰባት ዓመቱ የሚመጣ ነው። ኢዮቤልዩ የሚመልሰው መሬትንና ራሱን የሸጠን ሰው ነው። እዚያው ዘዳግም ላይ ያለች አንዲት ማስጠንቀቂያም አስታወሰኝ፦ ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብሎ በልቡ አስልቶ ለድሃ ማበደርን የሚከለክል ሰው ኃጢአት ይሆንበታል። ይህ ሰው እንዳለው፣ ሕጉን የሰጠው የአበዳሪን ልብ አሳምሮ ያውቃል። እርማቱን ተቀብያለሁ።

ሁለተኛው ስለ አያቴ አዝኖ ጥሩ ቃል ጽፎልኛል። አመሰግናለሁ።

መልስ 3

ይህቺን እህት ቀስ ብላችሁ አንብቧት። ያደገችው ገጠር ነው፣ ያለ አባት። መከር ሲያልቅ እናቷ ከወንድሟ ጋር ቃርሚያ ትልካቸው ነበር። ከነዶው የተረፈውን የስንዴ ዛላ እየለቀሙ በቀሚሷ ጫፍ ትይዛለች። በአንድ ማሳ ባለቤቱ ነዶው ገና ሳይነሳ ከብቶቹን ይለቅበታል፤ ሆን ብሎ፣ ለቃሚ እንዳይገባ። በሌላው ማሳ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እሳቸው ልጆቹ ሲመጡ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ይገቡ ነበር። ያኔ የጠሏቸው ይመስላት ነበር። ካደገች በኋላ ነው የገባት፤ እንዳያፍሩ ብለው ነው።

ዘሌዋውያን 19ን ስታነብ የገረማት ይህ ነው። ሕጉ ባለማሳው ጥግ ጥጉን እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም ያዛል፤ ለድሃና ለመጻተኛ ይተወው ዘንድ። ዘዳግም 24 ደግሞ የረሳውን ነዶ ተመልሶ እንዳያነሳ ይጨምራል፤ የመጻተኛው፣ የድሃ አደጉና የመበለቲቱ ነው። እሷና ወንድሟ ያኔ ይህንን ቢያውቁ ኖሮ አጎንብሰው ሳይሆን ቀና ብለው ይገቡ እንደነበር ጻፈች። አንጀቴን በላችው።

መልስ 4፣ 5 እና የተመለሰው መልስ 6

አራተኛው የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሕግ እንዴት እንደተነተኑት ያውቃል። በሚሽና፣ ማለትም በአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ስብስብ ውስጥ፣ ስለ ማሳ ጥግ ብቻ የሚናገር ሙሉ ክፍል አለ። ጥጉ ከማሳው ከ60 አንድ እጅ ማነስ የለበትም። ስለወደቀው ዛላ በሁለት የሊቃውንት ወገኖች፣ በሂሌል ቤትና በሸማይ ቤት መካከል ክርክር ነበር። በሂሌል ቤት አንድ ላይ የወደቁ ሁለት ዛላዎች የድሃ ናቸው፣ ሦስት ከሆኑ የባለማሳው ናቸው። ሸማዮቹ ሦስቱም የድሃ ነው ይላሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው፦ ባለማሳው አንዱን ድሃ አስገብቶ ሌላውን ቢከለክል፣ ወይም አንዱን መርጦ ቢያግዝ፣ ድሆችን እንደዘረፈ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ መርዳቱ ነው ዘረፋ የተባለው። ምክንያቱም እህሉ የሱ አይደለማ! በሰው ንብረት ቸር መሆን አይቻልም።

አምስተኛው ወዲያው ጥሩ ጥያቄ አመጣ። ታዲያ በመጽሐፈ ሩት ያለው ባለማሳ ቦዔዝስ? ለሩት ከነዶው እየመዘዙ እንዲጥሉላት ጎልማሶቹን አላዘዘም ወይ? አንዷን መርጦ ማገዝ ይህ አይደለም ወይ?

አራተኛው ተመልሶ በመልስ 6 መለሰ። ቦዔዝ ያስጣለላት ከታሰረው ነዶ ነው። የታሰረው ደግሞ የራሱ ነው። መሬት የወደቀውን ማንንም ሳይመርጥ ለሁሉም መተው ግዴታው ነበር፤ ሩትም ያንን ልትለቅም መብት ነበራት፣ ሞዓባዊት መጻተኛ ብትሆንም። ከነዶው የተመዘዘው ግን ስጦታ ነው። ያን ቀን ማታ ወቅታ ስትሰፍረው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነላት። ከዚያ ውስጥ የትኛው የሕግ፣ የትኛው የቸርነት እንደሆነ አማቷ ኑኃሚን እንኳ ልትለየው አትችልም። እውነቱን ለመናገር ለጥያቄዬ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው።

መልስ 7 እና 8

ሰባተኛው ሳያለሳልስ መጣ። ኢዮቤልዩ ተከበረ የሚል አንድ ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ አምጡ አለን። የለም። ይልቁን ኤርምያስ 34 ላይ ንጉሥ ሴዴቅያስ ባሮች ነፃ እንዲወጡ ቃል ኪዳን አስገብቶ፣ ሰዎቹ መልሰው ያዟቸው። ሁለተኛ ዜና መዋዕል መጨረሻ ላይ ደግሞ ምድሪቱ የተነፈገችውን ሰንበት በ70 ዓመት ምርኮ እንዳካካሰች ተጽፏል። ስለዚህ ለዚህ ሰው ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሕግ ነው። የአያቴን ሐዘን ወረቀት ላይ በቀረ ሕግ ማጽናናቴም ልክ እንዳልመሰለው ተናገረ።

ትንሽ ቆረጠኝ። ስምንተኛው ግን ቀደመኝ። ሥርዓቱ በየ50 ዓመቱ ለመከበሩ ማስረጃ ባይኖርም፣ መሠረቱ በሰዎች ልብ እንደነበረ ሦስት ቦታ ጠቅሶ አሳየ።

አንደኛው የናቡቴ የወይን ቦታ ነው። አክዓብ የጠየቀው በነፃ አልነበረም። የተሻለ ወይን ቦታ ልስጥህ፣ ካልፈለግህም ዋጋውን በብር ልክፈልህ ነው ያለው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነውና አልሰጥም አለ። ንጉሡም ምን አደረገ? ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ተጋደመ፣ ፊቱን አዞረ፣ እህልም አልቀምስ አለ። የእስራኤል ንጉሥ ሆኖ አንድ የወይን ቦታ መንጠቅ አልቻለም! ሚስቱ ኤልዛቤል እንኳ የሐሰት ምስክር አቁማ፣ የፍርድ መልክ ሰጥታ ነው ያስገደለችው። ሁለተኛው ነህምያ 5 ነው። ሰዎች በረሃብ ጊዜ እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ነበር፤ ነህምያ መኳንንቱን ተቆጥቶ መሬቱንም ከመቶ አንድ የሚወስዱትንም አስመለሰ። ሦስተኛው ኤርምያስ 32 ነው። የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን ከብቦ፣ ነቢዩ ራሱ በግዞት ቤት ተቀምጦ፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል ዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲቤዥለት መጣ። ጠላት የያዘውን መሬት ማን ይገዛል? ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ገዛው። የታተመውንና የተከፈተውን ውል ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ።

መልስ 9 እስከ 13

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ጎን ሄደ። ዘጠነኛው ስለ ባቢሎን ነገሥታት አነሳ። እነሱም ዕዳ ይሰርዙ፣ መሬት ይመልሱ ነበር፤ የንጉሥ አሚጻዱቃ አዋጅ ከ3,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዘሌዋውያን ለነፃነት የተጻፈው የዕብራይስጥ ቃል ዴሮርም የዚያው የባቢሎኖቹ ቃል ዘመድ ነው። ልዩነቱን ራሱ ነው የነገረን፦ እዚያ ንጉሥ ሲነግሥ ወይም ደስ ሲለው ያውጃል፣ እዚህ ንጉሥ ኖረም አልኖረም የዘመን ቁጥሩ ያውጃል። ድሃው ጠብቆ የሚቆጥረው ቀን አለው ማለት ነው።

አስረኛው፣ ኢዮቤልዩ 49 ነው ወይስ 50 ብሎ ጠየቀ። በመልስ 11 የገቡት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ እያልን ነው የጻፍንላቸው። እሳቸው መጽሐፈ ኩፋሌን አመጡ። ኩፋሌ አንድ ኢዮቤልዩ 49 ዓመት ብሎ ነው ዘመን የሚቆጥረው። ከአዳም ጀምሮ እስራኤል ርስቱን እስኪገባ ሲቆጠር 2,450 ዓመት፣ ማለትም ልክ 50 ኢዮቤልዩ ይሆናል። ዘሌዋውያን ለአንድ ሰው በ50ኛው ዓመት የሚያደርገውን፣ ኩፋሌ ለሕዝቡ በሞላ በ50ኛው ኢዮቤልዩ ሲሆን ያሳያል ብለው አብራሩ፤ ከባርነት መውጣትና ወደ ርስት መመለስ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑንም በኩራት ጨመሩ። ኩራታቸው ይገባቸዋል።

12 እና 13 ኩፋሌ ቅዱስ መጽሐፍ ነው አይደለም በሚል ተያያዙ። አልገባበትም።

መልስ 14 እስከ 17

ክሩ የከረረው እዚህ ነው። አሥራ አራተኛው፣ እኔን ጨምሮ ሁላችንም አንድ ነገር እየዘለልን እንደሆነ ተናገረ። ይህ ሁሉ የሚያምር ሕግ የተዘረጋው ከነዓናውያን ይኖሩበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ለነሱስ ኢዮቤልዩ ማን ነፋላቸው? የአንዱን ርስት ወስዶ ለሌላው በፍትሕ ማከፋፈል ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ከዚያም ስለ አያቴ መሬት የማለቅስ ሰው ስለነሱ ዝም ማለቴ እንዳሳዘነው ጻፈ። ከባድ ነው፣ ግን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው።

አሥራ አምስተኛው ተሳደበ። አስተዳዳሪው ግማሹን አጥፍቶታል፣ እኔም አልደግመውም።

አባት በመልስ 16 ተመለሱ፤ አሁንም በኩፋሌ። ስሙ ራሱ ከመክፈል ነው የመጣው። ኖኅ ምድርን ለሦስቱ ልጆቹ በዕጣ አከፋፈለ፣ ያልደረሰውን ዕጣ የሚይዝ ሁሉ የተረገመ ይሁን ብለውም ማሉ። ከነዓን ግን ከሊባኖስ እስከ ግብፅ ወንዝ ያለው ምድር ማረከውና የሴምን ዕጣ ያዘ። አባቱ ካም፣ ወንድሞቹ ኩሽና ምጽራይምም ተው፣ ይህ በዕጣ የደረሰህ አይደለም አሉት። አልሰማም። ስለዚህ በኩፋሌ አቆጣጠር መሬቱ ወደ ባለቤቱ ነው የተመለሰው። ከመካሪዎቹ አንዱ ኩሽ መሆኑን እሳቸው ዝም ብለው አላለፉትም።

አሥራ ሰባተኛው ይህንን አልተቀበለም። ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጻፈ ስለሆነ፣ ጸሐፊውም እንደኛው በጥያቄው ተጨንቆ መልስ ሲፈልግ የነበረ ሰው እንደሚመስለው ገለጸ። እሱ የሚቀበለው የዘሌዋውያን 18ን መልስ ነው። ምድሪቱ የቀደሙትን ስለ ኃጢአታቸው ተፋቻቸው፤ እናንተም ያንኑ ካደረጋችሁ ትተፋችኋለች ይላል። ሕጉ ለእስራኤል የተለየ ሚዛን አልያዘለትም፤ እሱም በተራው ተተፍቷል።

እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኩ። የተሻለው የአሥራ ሰባተኛው ይመስለኛል። ሆኖም አሥራ አራተኛው የጠየቀውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። በጦርነት ውስጥ የሞተ የከነዓን ሕፃን ምን በደለ ቢባል የምመልሰው የለኝም። እንደሚመለስ አድርጌ መጻፍም አልፈልግም።

መልስ 18

በአጭሩ ሁለተኛውን ስህተቴን አረመች። ዘሌዋውያን 25 በኢዮቤልዩ ነፃ የሚያወጣው እስራኤላዊውን ወንድም ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከአሕዛብ የተገዙ ባሮች ለልጆች የሚወረሱ እንደሆኑ ተጽፏል። ባሪያ ሁሉ ነፃ ይወጣል ያልኩት ልክ አልነበረም። ምዕራፉን ስወደው ይህንን ክፍል ዘልዬው ነበር። አሁን ከነዚህ ቁጥሮች ጋር አብሬ አነበዋለሁ፤ ያማል።

መልስ 19 እና 20

እስራኤል አገር የምትኖር የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ስለ ሰባተኛው ዓመት ዕረፍት ስትጽፍ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓሮዋ ነው። የመጨረሻው ሽሚጣ፣ ማለትም ይህ የዕረፍት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መስከረም እስከ 2022 መስከረም ነበር። ሱቅ ውስጥ አትክልቱ ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። አንዳንዱ ገበሬ ያሳርፋል፤ አንዳንዱ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተለመደው መንገድ መሬቱን አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው በውል ሸጦ ያርሳል፤ በዚያም ብዙ ጭቅጭቅ አለ። እሷ ደጇ ላይ አንድ የሎሚ ዛፍ አላት። ያን ዓመት የግቢውን በር ከፍታ ተወችው፤ ማንም ገብቶ ይልቀም ብላ። አንዲት የማታውቃት ሴትዮ በየሳምንቱ እየመጣች አራት አራት ሎሚ ብቻ ትወስድ ነበር። አመስግናት አታውቅም። እሷም ያን ነው የወደደችው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው ብላ።

ከዚያ ወደ ጎንደር ሄደች። አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ የአያቷ ባል የሰው መሬት አራሽ። በኛ ዘንድ ርስት አልነበራቸውም። በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ተብሎ ታወጀ ሲባል ነው የሰማችው። የማትወደው ያ ስም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል፤ ርስት የሌለው፣ መጻተኛ ማለት ነው። ዘሌዋውያን 25 ላይ ግን እግዚአብሔር ባለርስቶቹን ሁሉ መጻተኞች ናችሁ ይላቸዋል። አያቷን በስድብ የጠራቸው ሰው ይህንን ኦሪት እያነበበ ቤተ ክርስቲያን ይቆም እንደነበር ስታስብ እስከ ዛሬ ያቃጥላታል።

ለተወሰኑ ሰዓታት ማንም አልጻፈም። ከዚያ አባት በመልስ 20 ይቅርታ ጠየቋት። ሦስት መስመር ብቻ ነው። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት።

መልስ 21 እስከ 25

ወደ አገራችን ፖለቲካ ገባን። ሃያ አንደኛው፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የዘሌዋውያን ሐሳብ እንደሆነ ጻፈ። ሃያ ሁለተኛው ተቆጣ። እግዚአብሔር የመሬቱ ባለቤት ሲሆን ባለርስቱን ማንም እንዳይነቅለው ነው፤ ናቡቴ ካሳ ቀርቦለት እንኳ እምቢ ማለት ችሏል። የእሱ ወላጆች ግን ለልማት ተብለው ሲነሱ እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም፤ የተሰጣቸው ካሳ ሁለት ዓመት አልቆየም። ከዚያ በኋላ ያለው ስድድብ ነው። ሃያ አምስተኛውን አስተዳዳሪው ሙሉ በሙሉ አንስቶታል። ሃያ ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ስለ ናቡቴ ያለው ትክክል ነው።

መልስ 26 እና 27

ሃያ ስድስተኛዋ እስከዚህ ድረስ ስለ ሴቶች ርስት አንድም ሰው አለማንሳቱ አስገርሟታል። ዘኁልቍ 27 ላይ የሰለጰዓድ ልጆች ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ በሙሴና በጉባኤው ሁሉ ፊት ቆመው፣ አባታችን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ስሙ ለምን ይጠፋል፣ ርስት ስጡን አሉ። ሙሴ ራሱ አልፈረደም፤ ወደ እግዚአብሔር አቀረበው። የመጣው መልስም ልጆቹ እውነት ተናገሩ የሚል ነው። ሕጉ በአምስት ሴቶች አቤቱታ ተለወጠ። ምዕራፍ 36 ላይ ከነገዳቸው ውጭ እንዳያገቡ መገደባቸውን ሳትደብቅ ጨምራዋለች።

ሃያ ሰባተኛው በቅጥር ባለ ከተማ ያለ ቤት ለምን በኢዮቤልዩ አይመለስም ብሎ ጠየቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠ ለገዢው ይጸናል። መልሱ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፦ ሕጉ የሚጠብቀው እንጀራ የሚወጣበትን መሬት ነው። ቅጥር የሌለው መንደር ቤት እንኳ ከእርሻው ጋር ተቆጥሮ ይመለሳል። ርስት የሌላቸው ሌዋውያን ግን የከተማ ቤታቸውም ሁልጊዜ ይመለስላቸዋል።

መልስ 28 እስከ 31

ሃያ ስምንተኛው የሂሳብ መምህር ነው። የአያቴን ነገር በዘሌዋውያን ሂሳብ ሠራው። አያቴ 60 ብር ሲወስዱ እስከ ኢዮቤልዩ 30 ዓመት ቀርቶ ቢሆን፣ አንዱ ምርት 2 ብር ነው። አበዳሪው 10 ምርት በልቷል፤ 20 ብር ተከፍሏል። የሚቀረው 40 ነው። መሐረቡ ውስጥ ያለው ብር ልክ ይበቃ ነበር። የቀረው ዘመን ከ30 ያነሰ ከሆነማ ተርፏቸው ይመለሳሉ።

ሃያ ዘጠነኛው ሠላሳን መምረጡ ለማስደሰት እንዳይሆን ጠረጠረ። ደግ ነው የጠረጠረው። መምህሩ በመልስ 30 የከፋውን ሠራው፤ ዕዳው የተገባው ኢዮቤልዩ ባለፈ ማግስት ቢሆንና 49 ምርት ቀርቶ ቢሆን። ያኔም በ10ኛው ዓመት የሚቀረው ከ48 ብር ትንሽ ያነሰ ነው። አያቴ የሚጎድላቸው 8 ብር ብቻ ነበር።

ሠላሳ አንደኛው መላሽ ሁለት መስመር ነው የጻፈው። ዘሌዋውያን 25 ቁጥር 25ን እንዳነብ ጠቆመኝ። ወንድምህ ደህይቶ ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ይቤዠው ይላል። አያቴ ወንድም አልነበራቸውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም ነበር። ትናንት ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ነበራቸው፤ ታናሽ ወንድም፣ ከወንዙ ማዶ። ያን ዓመት በሬ ሽጦ ነበር አለች። አያቴ ግን አልነገሩትም፤ አፍረው።